ጎንደር ሆኖ አዲስ አበባ ያለን አዲስ መኪና መምረጥ፦ ከኢንተርኔት ዝርዝር እስከ ሻንሲ ቁጥር

ጎንደር - አዲስ ተሽከርካሪ ለመግዛት ለሚያስብ የጎንደር ከተማ ወይም የሰሜን ጎንደር ዞን ነዋሪ የመጀመሪያው ችግር ርቀት ነው። የአስመጪዎችና የገጣጣሚ ድርጅቶች ማሳያ ክፍሎች በአብዛኛው በአዲስ አበባ የሚገኙ ሲሆን፣ ከተማዋ በባሕር ዳር በኩል ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከደባርቅ ለሚነሣ ገዢ ደግሞ በዚህ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል። አንድን መኪና ዓይቶ ለመመለስ ብቻ የአውሮፕላን ትኬት ወይም የቀናት የመኪና ጉዞ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ እንዲሁም ከሥራ መቅረት ስለሚያስፈልግ፣ በኢንተርኔት የሚወጣ የተሽከርካሪ ዝርዝር ለአካባቢው ሠራተኛ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል።

ይሁንና ዝርዝሩ የሚጠቅመው ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለሚያውቅ ሰው ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ የአንድ ዓይነት መኪና ሥዕል እንጂ የአንድ የተወሰነ መኪና ማስረጃ ላይሆን ይችላል። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለአንድ የተወሰነ መኪና ነው። በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ማብራሪያም በአብዛኛው የሚያተኩረው ማስታወቂያውን ከአንድ ተለይቶ ከሚታወቅ ተሽከርካሪ ጋር እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል ነው።

በአሜሪካ የመኪና ሻጮች በግቢያቸው ያለውን ክምችት አንድ በአንድ በድረ ገጽ ማውጣት ከጀመሩ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። ሥራው የተቃናው በኢንተርኔት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ አዲስ መኪና የአምራቹን ዋጋና የተገጠሙለትን ዕቃዎች የሚዘረዝር ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎበት እንዲሸጥ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ወጥ የሆነ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ተደርጓል። ድረ ገጹ ከዚያ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ አስቀድሞ የተለየና የተመዘገበ ንብረትን ለሕዝብ ከማሳየት ያለፈ ሥራ አልነበረውም። አንድ ደንበኛ የሚፈልገው ቀለም፣ ሞተርና መቀመጫ ያለው መኪና በየትኛው ከተማ እንደቆመ በቁጥሩ ሊለይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ሞኤንኮ የቶዮታ፣ ማራቶን ሞተር የሂዩንዳይ፣ ንያላ ሞተርስ ደግሞ የኒሳን ተሽከርካሪዎች በማቅረብ የሚታወቁ ድርጅቶች ናቸው። የእነዚህን መሰል ድርጅቶች ድረ ገጾች ሞዴሎችን የሚያስተዋውቁ ስለሆኑ፣ አንድ ሞዴል በገጹ ላይ መኖሩ ዛሬ በግቢው ውስጥ ቆሟል ማለት አይደለም። የሽያጭ ክፍሉን ጠይቆ በእጅ ያለውንና በትዕዛዝ የሚመጣውን መለየት የግድ ነው። ቀሪው ሰፊ ገበያ የሚገኘው እንደ መኪና ዶት ኔትና ጂጂ ባሉ የማስታወቂያ ገጾች እንዲሁም በቴሌግራም ቻናሎች ነው። በእነዚህ ላይ አስመጪ፣ ባለንብረትና ደላላ ተቀላቅለው ያስተዋውቃሉ። አንዱ መኪና በ4 እና በ5 ደላሎች፣ በተለያየ ዋጋ መውጣቱም የተለመደ ነው። ፎቶግራፉን አስተያይቶ ማየት ይህንን ያሳያል፤ የግድግዳው ቀለም፣ ወለሉና ከበስተጀርባ የቆሙት መኪኖች አንድ ከሆኑ መኪናውም አንድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በዚህ ረገድ ደላሎችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስልም። ደላላው ያላየውን መኪና የሚያስተዋውቀው ባለቤቱ ዝርዝሩን ራሱ ስለማያወጣ ነው።

የማስታወቂያዎቹ ቃላትም ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። «ዜሮ» ወይም «ዜሮ ኪሎ ሜትር» የሚባለው ያልተነዳ መኪና ነው፤ ነገር ግን ያልተነዳ ማለት በቅርቡ የተመረተ ማለት አይደለም። በወደብ ወይም በመጋዘን 2 ዓመት የቆመ መኪናም ዜሮ ሊባል ይችላል። «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል ደግሞ የተወሰነ ትርጉም የለውም፤ ሻጩ የተገጠመለትን ዕቃ ዘርዝሮ እንዲጽፍ መጠየቅ ያሻል። «በጉዞ ላይ»፣ «ጅቡቲ የደረሰ»፣ «ጉምሩክ ያለ» የሚሉት አገላለጾች ተመሳሳይ ቢመስሉም እጅግ የተለያዩ ናቸው። ገና ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና የመጨረሻ ዋጋው አልታወቀም ማለት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱም በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ታክሱ 15 በመቶ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው በዓመተ ምሕረት ነው። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የመንግሥት ሰነዶች ግን ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያን ቀን ይይዛሉ። «የ2016 መኪና» የሚል ማስታወቂያ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ ማለትም ዕድሜው የገፋ፣ ወይም በ2016 ዓ.ም. ወደ አገር የገባ አዲስ መኪና ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል 7 ወይም 8 ዓመት አለ። ይህ ደግሞ በዋጋ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ መጠን የሚጣልበት ታክስ እየከበደ እንዲሄድ ተደርጓል። በአንጻሩ አዋጁ በወጣበት ጊዜ የሞተር ጉልበታቸው እስከ 1,300 ሲሲ የሆኑ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ታክስ ወደ 5 በመቶ ዝቅ ብሏል።

ዋጋን በተመለከተ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ አይገባም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት የወጡ ዋጋዎች በአንዳንድ ገጾች ላይ ሳይነሡ ቀርተዋል። በርካሽነቱ የሚያስደንቅ ዋጋ ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማጭበርበር ሳይሆን እርጅና ነው፤ ማጭበርበሩ ቀጥሎ ይመጣል።

ዛሬ «አዲስ መኪና» የሚባለው ነገር ራሱ ተለውጧል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲወሰን አውቶሞቢሎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቀዋል። በመሆኑም «አዲስ የቤንዚን አውቶሞቢል» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ፣ መኪናው መቼ እንደገባ ወይም የት እንደተገጣጠመ መጠየቅ ቀዳሚ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲደረጉ፣ የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ደግሞ ዜሮ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያሉ ምጣኔዎች የሚሻሻሉ በመሆናቸው፣ ሻጩ የሚናገረውን ይዞ ከመወሰን በግዥው ጊዜ የሚሠራበትን ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ይሻላል።

ለደጋው ገዢ የኤሌክትሪክ መኪና ጥቅምም ጥያቄም ይዞ ይመጣል። ጥቅሙ ከፍታ የማይበግረው መሆኑ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ በማስታወቂያው ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚያ የሚሰጠው 75 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይምግ ይህ ጉድለት አይደርስበትም።

ጥያቄው የሚነሣው በአንድ ኃይል መሙላት የሚጓዘው ርቀት ላይ ነው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የተባለው አነስተኛ መኪና 30.08 እና 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚይዙ 2 ዓይነት ባትሪዎች የቀረበ ሲሆን፣ በማስታወቂያው 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። እንግዲህ ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ ሆኖ በርቀት 100 ኪሎ ሜትር የሚለያዩ ሁለት መኪኖች አሉ ማለት ነው፤ ማስታወቂያው የትኛው እንደሆነ ካልጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹም የተለኩት በቻይና የፍተሻ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከአውሮፓው ይልቅ ረጅም ርቀት ያሳያል፤ በአገር አቋራጭ መንገድ የሚገኘው ከዚያ ያነሰ ነው።

ዳገቱን ማስላት ይቻላል። ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከጎንደር ደባርቅ ሲደርስ 700 ሜትር ያህል ወጥቷል። ለከፍታው ብቻ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ይህ ከትልቁ የሲጋል ባትሪ 7 በመቶ መሆኑ ነው። ሲመለስ ከዚህ የተወሰነው በሞተሩ ፍሬን አማካይነት ወደ ባትሪው ይገባል። ደባርቅ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ መውረድ ግን አይመከርም፤ ሙሉ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል መቀበል ስለማይችል ሸክሙ በተለመደው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ኃይል መሙያን በተመለከተ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦሌ ፈጣን ጣቢያ ሥራ ማስጀመሩ ይታወሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ላለው ጉዞ ግን ገዢው በየትኛው ከተማ እንደሚሞላ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በቤት ውስጥ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሶኬት የሚሞላ ሰው የሚያገኘው 2.2 ኪሎ ዋት በመሆኑ፣ 38.88ቱን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 18 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መብራት የሚቆራረጥበት ሠፈር ከሆነ ከዚያም በላይ።

ሌላው ማስታወቂያ የማይጽፈው ነገር መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ.6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተመረተ ነው። ለቻይና የተሠሩ መኪኖች የኃይል መሙያ መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ የተባለው የቻይና ደረጃ ሲሆን፣ ለአውሮፓ ከተሠሩት ሲሲኤስ 2 መሰኪያ ጋር አይገጥምም። የመስታወቱ ላይ ጽሑፍና መመሪያውም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። በወኪል ሳይሆን በግል አስመጪ የገባ መኪና የአምራቹ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከተለው፣ «ዋስትና አለው» ሲባል ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነና የጥገና ጣቢያው የት እንደሚገኝ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ብቻ የሚጠገን መኪና ለጎንደር ሰው ሲበላሽ የ700 ኪሎ ሜትር የጭነት ሒሳብ ይጨምርበታል።

ወደ ጃናሞራና በየዳ ለሚመላለስ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይለያል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በቧሂት ማለፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ባለ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ የሚፈልግ ሰው «ሃይሉክስ» የሚለውን ስም ይዞ መሄድ አይበቃውም። በዚያ ስም ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተሮች አሉ፤ በ2 ጎማ ብቻ የሚነዳና በ4ቱም የሚነዳ አለ። በፎቶግራፍ ግን አንዱን ከሌላው መለየት ያዳግታል።

ይህንን ሁሉ የሚቆርጠው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለዓለም አቀፍ ገበያ የሚመረት ተሽከርካሪ መለያ 17 የላቲን ፊደላትና አኃዞች ሲኖሩት፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ፊደላት አይገቡበትም። የመጀመሪያው ፊደል ኤል ከሆነ የተመረተው በቻይና፣ ጄ ከሆነ በጃፓን፣ ኬ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ ኮሪያ ነው። ብዙ አምራቾች 10ኛውን ቦታ ለሞዴል ዓመት ይጠቀሙበታል፤ አር 2024ን፣ ኤስ ደግሞ 2025ን እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን 17 አኃዝ የላቸውም። በእነዚህ ላይ የሚገኘው እንደ ኤስ.ሲ.ፒ.10 ያለ የሞዴል መለያና ተከታታይ ቁጥር በመሆኑ፣ ማጠሩ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ጃፓን ውስጥ መሪ የሚገጠመው በቀኝ ስለሆነ እንዲህ ያለ መኪና ሲቀርብ መሪው ተዛውሮ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለው መኪናም «ዜሮ» ተብሎ ሊቀርብ አይገባውም።

ስለዚህ ገዢው ከጎንደር ሳይነሣ ሊጠይቅ የሚገባው የሻንሲ ቁጥሩን በብረቱ ላይ እንደተመታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን፣ እንዲሁም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ነው። በብረቱና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ሻጩ የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ በመኪናው መስታወት ላይ አድርጎ ቪዲዮ እንዲያነሣ መጠየቅም ቀላል መፍትሔ ነው። መኪናው በእጁ ያለ ሰው ይህንን በ10 ደቂቃ ይፈጽመዋል። «ነገ እልካለሁ» እያለ የሚያመላልስ ሰው መኪናው በእጁ እንደሌለ መገመት ይቻላል። ሰሌዳ የወጣለት ከሆነ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነና ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚጨምር መሆኑ ይታያል።

ክፍያ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። «ሌላ ገዢ ስላለ ቀብድ በቴሌብር ላክ» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን የጎዳ ነው። ቀብድ መስጠት የግድ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ዋጋውና የመመለሻው ሁኔታ የተጻፈበት ውል ላይ ተፈርሞ፣ በሻጩ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ መግባት ይኖርበታል። ዋናው ክፍያ በባንክ ሲፒኦ ቢሆንና ርክክቡ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በሚፈረምበት ዕለት ቢፈጸም ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ወይም ባልደረባ አንድ የታመነ መካኒክ ይዞ መኪናውን ቢያይ የተሻለ ሲሆን፣ ለመካኒኩ የሚከፈለው ከደላላው ኮሚሽን ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። ሻጭ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ የመስጠትና ሐሰተኛ ማስታወቂያ ያለማውጣት ግዴታ ስለሚጥልበት፣ የማስታወቂያው ቅጂ በስልክ ተቀርጾ መቀመጥ አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንደታየው ገጹን ተመልሶ ማየት የማይቻልበት ቀን ሊመጣ ስለሚችል፣ ቅጂው በወረቀት ቢታተም ይመረጣል።

ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ኃላፊ ዝርዝሩን የሚጠቀምበት መንገድ የተለየ ነው። በፌዴራል ደረጃ የመንግሥት ግዥ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 የተተካ ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ሥራ ላይ ውሏል። የክልል መሥሪያ ቤቶች የሚመሩት በክልሉ የግዥ ሕግ ነው። በድረ ገጽ የታየን መኪና መርጦ ይህ ይገዛ ማለት በጨረታ አሠራር አይፈቀድም፤ የቴክኒክ ዝርዝሩም የንግድ ስም እየጠቀሰ ውድድሩን ማጥበብ የለበትም። የኢንተርኔት ዝርዝሩ የሚያገለግለው ለገበያ ጥናትና የፍላጎት መግለጫውን ለማስተካከል ነው። «ከመሬት ከፍታ ይህን ያህል፣ በ4 ጎማ የሚነዳ፣ በ2,850 ሜትር ከፍታ የሚሠራ፣ የጥገና አገልግሎት በአማራ ክልል ውስጥ ያለው» ብሎ የጻፈ ወረዳ፣ «ጥሩ የመስክ መኪና» ብሎ ከጻፈው ይልቅ የሚፈልገውን ያገኛል። የበጀት ጥያቄውም ካለፈው ዓመት ዋጋ ሳይሆን ቀኑ ከታወቀ ማስታወቂያ ቢነሣ የተሻለ ነው።

መኪናው ተገዝቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሰሌዳ ወይም ጊዜያዊ ሰሌዳ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ደግሞ የ3ኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። መድኑ የሚገዛው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ላይ ሲሆን፣ በውሉ ላይ የሚሰፍረውም ያው በፎቶግራፍ የተላከው የሻንሲ ቁጥር ነው። በዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ያለው መንገድ ለአዲስ ባለንብረት የመጀመሪያ ፈተና በመሆኑ፣ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው መጠየቅና ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የጎማ ነፋስና ፍሬን ማሳየት ተገቢ ነው። በአማራ ክልል ሰሌዳ ለማስመዝገብ ወደሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ዲክላራሲዮኑ፣ የሽያጭ ሰነዱና የመድን ውሉ ዋናው ቅጂ ይጠየቃል፤ በስልክ ያለ ፎቶግራፍ እዚያ አያገለግልም።